ሳጅን ሞረዳ አስቀድመው ይደውላሉ

ሸዋጌጥ ነቀምቴ ገበያ በርበሬና ቅመም የምትሸጥ፣ ነገር ሲነካት ደግሞ ከምትሸጠው በርበሬ የማትሻል ሴት ናት። ባሏ በርናባስ ልብስ ሰፊ ነው፤ ዝምተኛ፣ ሰው ሲጣላ ካየ መንገድ የሚቀይር ሰው። እነዚህ ሁለቱ እንዴት ተጋቡ ብሎ የሚገረም ብዙ ነው። ሸዋጌጥ ግን «የሁለታችንን አፍ እኔ ተሸከምኩ፣ የሁለታችንን ትዕግሥት እሱ ተሸከመ» ትላለች። ለጠያቂው መልሱ ይኸው ነው።

በክረምቱ መግቢያ በርናባስ ከፈድሉ ሱቅ ክር ገዝቶ አስፋልቱን ሲሻገር አንድ ነጭ ፒካፕ ገጭቶት፣ ሳይቆም ሄደ። ቀኝ እግሩ ከጉልበቱ በታች ተሰበረ። ፖሊስ መኪናውን ተከታትሎ ሲያገኘው፣ ሲነዳ የነበረው ጫንያለው የሚባል የሲሬ ባለወፍጮ ሆነ። እንደ ወጉ አቶ ጫንያለው ማለት ይገባን ነበር። ሲሬ ላይ የዕድር ዳኛ ነው፤ የተጣላ ያስታርቃል፣ በሠርግም በለቅሶም ከፊት ይቀመጣል። ነገር ግን ሸዋጌጥ ያቺን «አቶ» ከስሙ ላይ የገፈፈችበት ቀን አለ። እኛም ታሪኩን የምንነግረው ከሷ ወገን ቆመን ስለሆነ አንመልስለትም።

ያ ቀን ጫንያለው ለፖሊስ ቃሉን የሰጠበት ቀን ነው። «ሰውየው ሰክሮ ነበር። እየተንገዳገደ መጥቶ ራሱ መኪናዬ ሥር ገባ» አለ። በርናባስ ግን ጠላ እንኳ ቀምሶ አያውቅም። አባቱ በመጠጥ ያለቁ ሰው ናቸው፤ በልጅነቱ ከየመሸታ ቤቱ ደጅ እየጎተተ ያስገባቸው የነበረ ልጅ፣ የመጠጥ ሽታ ሲደርሰው አሁንም ፊቱን ያዞራል። እንግዲህ ከስድብ ሁሉ መርጦ ይችኑ ለጠፈበት።

ሲሬ የተወራ ነቀምቴ ለመድረስ መኪና አይጠብቅም። ሰንበት ብሎ ደንበኛው ሁሉ «በርናባስ፣ ዛሬስ እጅህ አይንቀጠቀጥም?» እያለ ይቀልድበት ጀመር። ክራንቹን ተደግፎ መሄድ ሲችል እንኳ በገበያው መሀል ማለፉን ተወና በጓሮ በኩል፣ በጭቃው እየዞረ ይገባል። አንድ ቀን መቀሱን አስቀምጦ «እግሬስ ይድናል፣ ሸዋዬ። ይኼ ስም ነው የማይድነው» አላት። ሸዋጌጥ ጓዳ ገብታ አለቀሰች። ስትወጣ ፊቷን ታጥባ ነበር፤ ከዚያ ወዲያ ለዚህ ነገር ዳግመኛ አላለቀሰችም፣ እስከ መጨረሻው ቀን ድረስ።

ዐቃቤ ሕጉ ክስ መሠረተ። ጫንያለው የታወቀ ሰው ነው ተብሎ፣ በቀጠሮው ሊቀርብ ቃሉን ሰጥቶ ተለቀቀ። በቀጠሮው ቀን ግን የተከሳሽ ቦታ ባዶ ሆነ። ዳኛዋ የሲሬ ፖሊስ ሰውየውን ይዞ እንዲያቀርብ ማዘዣ ጻፉ። ማዘዣውን ለፖሊስ የማድረስ ሥራ በወረቀት የማንም ይሁን የማን፣ በተግባር የሚያደርሰው ከሁሉ አብልጦ የቸኮለው ሰው ነው። ስለዚህ ሸዋጌጥ ሚኒባስ ተሳፍራ፣ ጉቴን አልፋ፣ ሲሬ ወርዳ ወረቀቱን ለሳጅን ሞረዳ በእጃቸው ሰጠች። ቀጠሮው ሲደርስ ከሲሬ የመጣው መልስ «ቤቱ ድረስ ሄደን አጣነው» የሚል ነበር። ሁለተኛ ማዘዣ ተጻፈ፤ ሁለተኛ «አጣነው» መጣ። አደጋውን በዓይኑ ያየው ባለሱቁ ፈድሉ በየቀጠሮው ሱቁን ዘግቶ ይመጣል፤ ተከሳሽ በሌለበት ምስክር አይሰማምና እንደመጣ ይመለሳል።

«እህቴ፣ እኔ መምጣቱ አልሰለቸኝም» አላት ፈድሉ አንድ ቀን ከፍርድ ቤቱ ደረጃ ሲወርዱ። «ይኼ ሰውዬ ግን መሬት ውስጥ ነው የሚገባው ወይ?»

ዳኛዋ ለሦስተኛ ጊዜ ማዘዣ ሲጽፉ አንድ ነገር ጨመሩበት። በሚቀጥለው ቀጠሮ ካልቀረበ፣ ተከሳሹ እስኪገኝ ድረስ መዝገቡ ይዘጋል። ሸዋጌጥ «እስኪገኝ» የምትለውን ቃል ወደ ሲሬ እስክትደርስ አላመጠቻት። የማይፈልገው ሰው ፈልጎ እስኪያገኘው ማለት ነው። መዝገቡ ይዘጋል፣ ሰካራም የሚለው ስም ግን ክፍት ሆኖ ይኖራል።

ያን ቀን ወረቀቱን ሰጥታ ወዲያው አልተመለሰችም። ከሳጅን ሞረዳ ጠረጴዛ ፊት ለፊት አግዳሚው ላይ ቁጭ አለች። ሳጅን ሞረዳ ጡረታቸው የደረሰ፣ ጫማቸው በዝናብ ቀን እንኳ የሚያብለጨልጭ፣ ለሰው ክብር እጅግ የሚጨነቁ ሰው ናቸው። ወረቀቱን አነበቡ፣ ተነፈሱ፣ ስልካቸውን አነሡ።

«አካም ጅርቱ ኦቦ ጫንያለው? ፈያዳ? ልጆቹ ደህና ናቸው? ከብቱስ? እግዚአብሔር ይመስገን። ያው ከነቀምቴ ወረቀት መጥቷል። ነገ ጠዋት ብቅ እንላለን። ማሎ፣ እባክዎ እንዳይከፋዎት።»

ሸዋጌጥ የሰማችውን ማመን አቃታት።

«ሳጅን፣ ለማን ነው የደወሉት?»

«ለተከሳሹ ነዋ።»

«ልትይዙት እንደምትመጡ ለራሱ ነገሩት?»

«ታዲያስ?» አሉ። የሚያስገርም ነገር የታያቸው በእሷ ጥያቄ ላይ እንጂ በእሳቸው ሥራ ላይ አልነበረም። «አዴ ሸዋጌጥ፣ እኛ ሌባ አይደለን፣ ሳንናገር የሰው ደጅ አንደርስም። ሽማግሌ ነው፣ የልጆች አባት ነው። ፖሊስ ድንገት ገብቶ ልጆቹ ፊት ቢጎትተው ምን ሊሆን ነው? አስቀድሜ ስነግረው ልብሱን ይቀይራል፣ ቤተሰቡን ይሰናበታል፣ በገዛ እግሩ ይወጣል። እኔም ከኋላው ሳይሆን ከጎኑ ሆኜ አመጣዋለሁ። የተነገረው ሰው ይጠብቃል፤ የኛ ወግ ይኼ ነው።»

«ጠብቆ ያውቃል?»

ሳጅን ሞረዳ ቆባቸውን አወለቁ፣ መልሰው ደፉ። «አልጠበቀም» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ሁለቱንም ጊዜ አሳፍሮኛል። ግን እሱ ወጉን ቢያፈርስ እኔም ላፍርስ?»

ሸዋጌጥ አፏ ላይ የደረሰውን ውጣ ተነሣች። ሰውየው ጉቦ በልተው ቢሆን ኖሮ ሲሬን ከዳር እስከ ዳር በጩኸት ታናውጣት ነበር፤ ለዚያ አፍ ነበራት። ጉቦ የበላ ፖሊስ ይከሰሳል። ይሉኝታ የያዘው ፖሊስ በምን አንቀጽ ይከሰሳል?

ብስጭቷን ልታበርድ መናኸሪያው አጠገብ ብፅዓት የምትባል ሴት ሻይ ቤት ገባች። ሻይዋን አጋምሳ ሳትጨርስ ያ ነጭ ፒካፕ በደጁ አልፎ ወደ አዲስ አበባ በሚወስደው መንገድ ተፈተለከ። ብፅዓት በመስኮት አየችና ሳቀች።

«ዛሬም አማቱ ናፈቁት» አለች።

«ማን ናቸው አማቱ?»

«አኖ ያሉት ኦቦ ኩማ። አንድ ሰሞን ለፋሲካ እንኳ አይጠይቃቸውም ነበር። አሁን ግን ፖሊስ በፈለገው ቁጥር ፍቅራቸው ይብስበታል። ሁለት ቀን አድሮ፣ በግ ታርዶለት፣ ወዝቶ ይመለሳል።»

በማግሥቱ ጠዋት ሳጅን ሞረዳ ልብሳቸውን አስተኩሰው፣ አንድ ፖሊስ አስከትለው፣ በክብር ወደ ጫንያለው ቤት ሄዱ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይኼው ነው። ሸዋጌጥ ግን ይህን ለማየት አልቆየችም። ወዲያው ወደ አኖ ልትከተለው ልቧ ተነሥቶ ነበር፤ ግን ማዘዣው የተጻፈው ለሲሬ ፖሊስ ነው፣ አኖ ደግሞ ሌላ ወረዳ ነው። ስለዚህ ወደ ነቀምቴ ተመለሰች። ሚኒባሱ ጉቴ ሲደርስ ብቻዋን ፈገግ ስትል አጠገቧ የተቀመጠችው ሴት አየቻትና ትንሽ ፈቀቅ አለች።

በዐቃቤ ሕጉ በኩል ዳኛዋ ፊት ቀርባ የሆነውን ሁሉ ተናገረች። ስለ ስልኩ ስትናገር ዐቃቤ ሕጉ ሳቁን በሳል ሸፈነ። ዳኛዋ አልሳቁም።

«ታዲያ ምን እናድርግ ትያለሽ? ሳጅኑ እንዳይደውሉ ይታዘዙ?»

«አይ ክብርት ዳኛ» አለች ሸዋጌጥ። «ይደውሉ። ማዘዣው ግን ለአኖ ፖሊስም ይጻፍልኝ።»

ዳኛዋ ብዕራቸውን አነሡ። መጻፍ ጀመሩ፤ በከንፈራቸው ጫፍ ላይ ግን ፈገግታ የሚመስል ነገር ነበር።

ከቀጠሮው በፊት ባለው ቀን ሸዋጌጥ ማልዳ ተነሥታ ሲሬን በመኪና አልፋ አኖ ወረደች። የአኖው ፖሊስ ምክትል ኢንስፔክተር ታፋ ወረቀቱን አገላብጦ አየው።

«ሰውየው የሲሬ ነው። እዚህ ምን ይሠራል?»

«ዛሬ ቀትር ሳይሞላ ኦቦ ኩማ ቤት በእንግድነት ይመጣል።»

«ማን ጠርቶት?»

«ሳጅን ሞረዳ ይጠሩታል።»

ነገሩን ስታስረዳው ታፋ ጠረጴዛውን ይዞ ሳቀ። ሳጅን ሞረዳን ያውቃቸዋል፤ ፖሊስነትን ያስተማሩት እሳቸው ናቸው። «እርስዎ ብቻ አደራ፣ እንዳይደውሉ» አለችው። «የኔ ስልክ ካርድ የለውም» አላት፣ ጠረጴዛው ላይ የነበረውን ስልክ መሳቢያ ውስጥ እየከተተ።

ከአኖ ወደ ሲሬ ተመለሰች። ለሳጅን ሞረዳ በድጋሚ የተጻፈላቸውን ማዘዣ ሰጥታ ቆመች። ሳጅኑ ቁጣዋን ጠብቀው ትከሻቸውን ሰብሰብ አደረጉ።

«ሳጅን፣ ወግዎን አይተዉ። ይደውሉለት» አለቻቸው።

«ተሻለሽ ማለት ነው?»

«በጣም ነው የተሻለኝ።»

ሳጅኑ በጥርጣሬ እያዩዋት ደወሉ። ስለ ልጆቹ ጠየቁ፣ ስለ ከብቱ ጠየቁ፣ ነገ ጠዋት ብቅ እንደሚሉ ነገሩት። ሸዋጌጥ እጅ ነሥታ ወጣችና ወደ አኖ በሚሄደው ሚኒባስ ተሳፈረች። ገና ከሲሬ ወጣ እንዳሉ ነጩ ፒካፕ ጥሩምባውን እየነፋ ቀደማቸው። ጫንያለው አዲስ ነጭ ጋቢ ለብሷል። ሾፌሩ «ምን አስቸኮለው?» ብሎ አጉረመረመ። «ተወው ልጄ፣ ይቅደም» አለችው ሸዋጌጥ። «እኛ ስንደርስ እንደርሳለን።» በዕድሜዋ ሙሉ በመኪና ስትሄድ ሾፌር ቀስ በል ያለችው ያን ቀን ብቻ ነው።

የኦቦ ኩማ ግቢ ከአስፋልቱ ገባ ብሎ ነው። ሸዋጌጥ ስትደርስ ታፋና አንድ ባልደረባው ቀድመው ገብተዋል። አጥሩ ጥግ ቆመች። ኦቦ ኩማ ዋንዛው ሥር ወንበራቸው ላይ ተቀምጠዋል፤ ዕድሜያቸው ከሰማንያ የማያንስ፣ ወገባቸው ግን ያልጎበጠ ሽማግሌ ናቸው። ከጎናቸው አንድ ሙክት ታስሮ ቆሟል፤ ጫንያለው ከሙክቱ አጠገብ ቆሟል፤ ከሁለቱ ይበልጥ የፈራው ጫንያለው ነበር።

ታፋ እጁን ዘርግቶ፣ ጎንበስ ብሎ፣ የሽማግሌውን ሰላምታ እስከ መጨረሻው ተቀበለ። «ኮታ፣ ታኣ» አሉት ኦቦ ኩማ፣ ወንበር እያሳዩ። አልተቀመጠም።

«ይቅርታ አባቴ። እንግዳዎን ልወስድ ነው የመጣሁት። የፍርድ ቤት ማዘዣ ይዣለሁ።»

«ምን አድርጎ?»

«ሰው ገጭቶ ተከሷል። ፍርድ ቤት ሲጠራው አይቀርብም፤ ፖሊስ ሲፈልገው ይሰወራል።»

«የት ነው የሚሰወረው?»

ታፋ መሬት መሬት አየ። «እርስዎ ዘንድ ነው፣ አባቴ።»

ጫንያለው «ስህተት ነው፣ እኔ የመጣሁት…» ብሎ ጀመረ፤ ኦቦ ኩማ በትራቸውን ከፍ ሲያደርጉ ዝም አለ። ሽማግሌው አማቻቸውን አዩት። ከዚያ ዓይናቸው አጥሩ ጥግ ወደ ቆመችው ሴት ሄደ።

«ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ አንቺስ ማነሽ?»

«ሰካራም የተባለው ሰው ሚስት ነኝ፣ አባባ» አለች ሸዋጌጥ።

ቀረብ ብላ ነገረቻቸው። እንደ ገበያው አልጮኸችም፤ ድምፅዋ ራሷንም እስኪገርማት ድረስ ዝግ ያለ ነበር። የእግሩን ነገር በአጭሩ አለፈችው። ስለ በርናባስ አባት፣ ስለ መሸታ ቤቶቹ ደጅ፣ በጓሮ በኩል ስላለው ጭቃ መንገድ ግን አንድም ሳታስቀር ተናገረች።

«እኔ ናፍቄው መጣ ብዬ ነበር» አሉ ኦቦ ኩማ። «ልጄን የሰጠሁት ሰው በስተርጅናዬ ወደደኝ ብዬ በመጣ ቁጥር በግ አርድ ነበር። ለካ ለሱ የኔ ቤት ጫካ ኖሯል።» ድምፃቸው ሲሰበር፣ የእሷ ባል ብቻ እንዳልተጎዳ ሸዋጌጥ ያን ጊዜ ገባት። ሽማግሌው ወደ ቤቱ ዞረው ሚስታቸውን ጠሩ። «ያንን ሙክት ፍቱት።»

በጉ ተፈታ፣ አማቹ ተያዘ። በጉ ነፃ መውጣቱን በደንብ ያወቀ ይመስል ወደ ጓሮ ሮጠ።

ታፋ ጫንያለውን ይዞ ሊወጣ ሲል ኦቦ ኩማ በትራቸውን ተደግፈው ተነሡ። «ነገ እኔም ነቀምቴ እመጣለሁ» አሉ። «በጌን የበላ ሰው ፍርድ ቤት ምን እንደሚል ልስማ።»

በማግሥቱ የተከሳሽ ቦታ ባዶ አልነበረም። በርናባስ ክራንቹን አጠገቡ አድርጎ ከሸዋጌጥ ጋር ተቀምጧል። ኦቦ ኩማ ከፊት፣ ሁለት እጃቸውን በትራቸው ላይ ደርበው ተቀምጠዋል። ፈድሉ ተጠርቶ መሰከረ፤ ክር እንደሸጠለት፣ ስለ ልጆች ትምህርት ቤት እንዳወሩ፣ በርናባስ ግራ ቀኝ አይቶ እንደተሻገረ፣ መኪናው በፍጥነት መጥቶ እንደገጨው ተናገረ። «ሽታ ነበረው ወይ?» ሲባል «አዎ ነበረው፤ የክርና የልብስ ሽታ» አለ። ችሎቱ ውስጥ የነበረ ሰው ሳቀ፤ ዳኛዋ ጠረጴዛውን መቱ።

ከዚያ ጫንያለው ተጠየቀ። የሚለውን ያዘጋጀ ይመስላል፤ አፉን ከፍቶ ሊጀምር ሲል ዓይኑ ኦቦ ኩማ ላይ አረፈ። በዚያ አገር አማች በአማቱ ፊት ቀና ብሎ አይናገርም። ፖሊስ ፊት ዋሽቷል፣ ዳኛ ፊትም ሊዋሽ ይችል ነበር። ልጃቸውን በዳሩለት ሽማግሌ ፊት፣ በጋቸውን ከበላ በኋላ መዋሸት ግን አቃተው። ፍርድ ቤቱን ሸሽቶ የገባበት ቤት ፍርድ ቤት ድረስ ተከትሎት መጣ። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል።

«አልሰከረም» አለ ጫንያለው። «በስልክ እያወራሁ ነበር። አላየሁትም። ደንግጬ ሄድኩ፤ የሰከረውን ነገር ከራሴ ነው ያመጣሁት።»

ዳኛዋ እየጻፉ ሳሉ በርናባስ፣ ያ ሰው ሲጣላ መንገድ የሚቀይረው በርናባስ፣ ክራንቹን አንሥቶ ቆመ። ሸዋጌጥ ሳይወድቅባት ልትደግፈው እጇን ዘረጋች፤ አልፈለገም።

«ክብርት ዳኛ፣ አንድ ልመና ነበረኝ። የመጀመሪያውን ቃል ይድገምልኝ።»

«የትኛውን?»

«አልሰከረም ያለውን።»

ዳኛዋ ብዕራቸውን አስቀመጡ። «ተከሳሽ፣ ድገም» አሉ።

«አልሰከረም» አለ ጫንያለው ወደ ወለሉ።

«ጮክ በል» አሉ ኦቦ ኩማ። ዳኛዋም አልገሠጿቸውም።

«አልሰከረም» አለ ሦስተኛ ጊዜ። በደጅ የቆመው ሁሉ ሰማ።

ጥፋተኛ ነው ተባለ፤ ቅጣቱ እስኪነገር ማረፊያ ቤት እንዲቆይ ታዘዘ። ሸዋጌጥ ወደ ደጅ ስትወጣ ሳጅን ሞረዳ ጫማቸውን አብለጭልጨው ደረጃው ላይ ቆመው አገኘቻቸው። ወሬው ሲሬ ደርሶ፣ ፈቃድ ጠይቀው መጥተዋል።

«አዴ ሸዋጌጥ፣ በኔ ስልክ አደንሽው» አሏት።

«ወግዎን አላስተውኩዎትም፣ ሳጅን።»

ሊቆጡ ፈልገው ነበር፤ ሳቃቸው ቀደማቸው። «መደወሌን አልተውም» አሉ። «ከእንግዲህ ግን መጀመሪያ የምደውለው ለአኖ ፖሊስ ነው።»

ባልና ሚስት ወደ ቤት ተነሡ። የገበያ ቀን ነበር። በርናባስ ከልማዱ ወደ ጓሮው መንገድ ሁለት እርምጃ ሄደና ቆመ። ሸዋጌጥ «በዚህ እንሂድ» ልትል አፏን ከፍታ፣ መልሳ ዘጋችው። ዝም ብላ ጠበቀችው። በርናባስ ክራንቹን አዞረና በበርበሬ ተራው፣ በጨርቅ ተራው፣ ሰው በሰው ላይ በተነባበረበት መሀል ለመሀል ሄደ።

አንድ የጨርቅ ነጋዴ ከድንኳኑ ውስጥ እንደ ልማዱ «በርናባስ፣ ዛሬስ ደህና ነህ?» ብሎ ጮኸ። ዙሪያው ያሉት ለሳቅ ተዘጋጁ። ሸዋጌጥ መልሱ ምላሷ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር።

«ደህና ነኝ» አለ በርናባስ፣ ቆም ብሎ፣ ሁሉ እንዲሰማው ጮክ አድርጎ። «ጤነኛ ነኝ፣ ያልሰከርኩ ነኝ። ያላመነ ለመጠየቅ ሲሬ ድረስ መሄድ አያስፈልገውም፤ ሰውየው እዚሁ ታስሯል።»

ከዚያ ሳቁ መጣ፤ ያን ቀን ግን የተሳቀው በበርናባስ ላይ ሳይሆን ከበርናባስ ጋር ነበር። በርናባስም እየሣቀ ገበያውን ሰንጥቆ ወደፊት ሄደ። ያን ቀን አፉን ራሱ ተሸከመው። ሸዋጌጥ አንድም ቃል ሳትናገር፣ እያለቀሰችም እየሣቀችም ከኋላው ተከተለችው።